ከሉምቢኒ እስከ ደብረ ሊባኖስ፦ የቡድሃ ታሪክ ሸዋ የደረሰበት መንገድ

በ1553 የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ እንባቆም «በረላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው፤ ወደኛው ለማምጣት እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ይቀነስ።) ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በህንድ አገር ለሚኖር ጣዖት አምላኪ ንጉሥ ልጅ ይወለድለታል። ኮከብ ቆጣሪዎች ልጁ ምድራዊውን መንግሥት ትቶ የክርስቲያኖችን መንገድ እንደሚይዝ ይተነብያሉ። ንጉሡ ደንግጦ ሕመም፣ እርጅናና ሞት የማይታይበት ቤተ መንግሥት ሠርቶ ልጁን ይዘጋበታል። ልጁ አድጎ አንድ ቀን ሲወጣ ግን በሽተኛ ያያል፣ ዕውር ያያል፣ ጎብጦ የሚሄድ ሽማግሌ ያያል። ያን ጊዜ በረላም የሚባል መናኝ የከበረ ዕንቍ የሚሸጥ ነጋዴ መስሎ ይገባና ያስተምረዋል፤ ይዋስፍ ይጠመቃል፤ በመጨረሻም ዘውዱን ጥሎ በረሃ ይወርዳል።

ስለ ቡድሃ ጥቂት ያነበበ ሰው ይህን ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል፤ ልክም ነው። የይዋስፍ ታሪክ የቡድሃ ታሪክ ነው፤ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሲጓዝ ቆይቶ የክርስቲያን ልብስ ለብሶ ሸዋ ገባ። የደረሰው ግን ሕይወቱ ብቻ ነው፤ ትምህርቱ በመንገድ ወድቆ ቀርቷል። የትኛው ክፍል እንደተሻገረና የትኛው እንደቀረ ከታየ ቡድሂዝም ራሱ እንዴት እንደተሰራጨም ይገለጣል።

ኋላ ቡድሃ የተባለው ሲድሃርታ ጋውታማ የተወለደው ዛሬ ኔፓል ውስጥ በምትገኘው ሉምቢኒ፣ ከሻክያ ጎሣ ነው። ዘመኑ ያከራክራል፤ የቆየው ስሌት ከክርስቶስ ልደት በፊት 563–483 ሲል፣ ከዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ሞቱን ወደ 400 ያስጠጉታል። «የታላቅ ንጉሥ ልጅ» የሚለው አባባል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሻክያዎች ኮሳላ ለሚባል ትልቅ መንግሥት የሚያድሩ፣ የጎሣው ታላላቆች ጉባኤ ተቀምጠው የሚያስተዳድሯቸው ትንሽ ሕዝብ ነበሩ። አባቱ ሹም ቢባል ይቀርባል። ቤተ መንግሥቱ ተራኪዎች በየዘመኑ እየቀጠሉ ያሰፉት ነው። እነዚያ ዝነኛ አራት እይታዎች (ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ ሬሳና መናኝ) እንኳ ፓሊ በሚባለው በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በቆዩት የቀደሙ ጽሑፎች የሚተረኩት ስለ ጋውታማ አይደለም። ከሱ በፊት በሌላ ዘመን ቡድሃ ነበረ ስለሚባለው ስለ ቪፓሲ ነው፤ ወደ ጋውታማ የተዛወሩት ኋላ ነው። እንግዲህ አባ እንባቆም ዘንድ የደረሰው ታሪክ ገና ከህንድ ሳይወጣ አንድ ጊዜ ባለቤት ቀይሯል።

ትውፊቱ ሲቀጥል፣ ሲድሃርታ በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወጣ። ስድስት ዓመት ከመናንያን ጋር ሥጋውን ቀጣ፤ የጎን አጥንቱ እስኪቆጠር ከሳ። ረሃብም እንደማያደርሰው ሲያውቅ ምግብ ተቀበለና ቦድ ጋያ ላይ፣ የዋርካና የሾላ ዘመድ ከሆነ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ «ነቃሁ» ያለው እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት በቫራናሲ አጠገብ በሳርናት ለአምስት ሰዎች ሰጠ፤ 45 ዓመት በእግሩ እየዞረ አስተማረ፤ በ80 ዓመቱ ኩሺናጋር ላይ ዐረፈ።

ትምህርቱ እንደ ሐኪም አሠራር በአራት ይከፈላል፦ ሕመሙ፣ መንስኤው፣ ሊድን መቻሉ፣ መድኃኒቱ። ሕመሙ ሕይወት ምንጊዜም የማታረካ መሆኗ ነው። መንስኤው ጥማት ነው፤ የማይቆየውን ሙጥኝ ማለት። ጥማቱ ሲጠፋ ሥቃዩ ይጠፋል። መድኃኒቱ ስምንት ክፍል ያለው መንገድ ነው፦ የቀና አመለካከት፣ ሐሳብ፣ ንግግር፣ ተግባር፣ መተዳደሪያ፣ ጥረት፣ ንቃትና የልብ መሰብሰብ። ብዙ ጸሐፊ መተዳደሪያን ሳይነካ ያልፋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚጨበጠው እሱ ይመስለኛል። ለምእመናን የተከለከሉት ንግዶች በስም ተቆጥረዋል፦ የጦር መሣሪያ፣ የሰው፣ የሥጋ፣ የአስካሪ መጠጥና የመርዝ ንግድ። እስከዚህ ድረስ ክርስቲያንም እስላምም ብዙ አይከራከርም። ክርክሩ ያለው ከሥር ነው። በዚህ ትምህርት ማዕከል ላይ ፈጣሪ አምላክ የለም፤ ለዘላለም የምትኖር ነፍስም የለችም፤ ያለው በሥራ የሚመራ ዳግም መወለድ፣ መጨረሻውም ከዚያ ዙሪያ መውጣት ነው። ይህን ይዞ የክርስቲያንን ድንበር መሻገር አይቻልም።

ሥርዓተ ምንኵስናው ለሰሜን ሸዋ ሰው ግማሹ የታወቀ፣ ግማሹ የተገለበጠ ነው። በስሪላንካ፣ በታይላንድና በበርማ የጸናው ቴራቫዳ የሚባለው ወገን ለመነኩሴ 227 ሕግ አለው። ንብረቱ ሦስት ጨርቅ፣ የምግብ መቀበያ ሳህን፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ መታጠቂያና የውኃ ማጥለያ ነው፤ ማጥለያው በውኃ ውስጥ ያሉ ነፍሳት እንዳይሞቱ ነው። የኛ መነኩሴ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ይቆያል፤ የነሱ ደግሞ ከቀትር በኋላ እስከ ማግስቱ ንጋት አይበላም፤ ዓመቱን ሙሉ። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል፤ የነሱ ሳህኑን ይዞ ደጃፍ ላይ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ስጡኝ ማለት አይፈቀድለትም። ሥጋ ፈጽሞ አይበሉም የሚለው ወሬ ለሁሉም አይሠራም፤ ቴራቫዳው ለሱ ተብሎ መታረዱን ካላየ፣ ካልሰማ፣ ካልጠረጠረ መብላት ይችላል፤ ሥጋ መተው ሕግ ሆኖ የጸናው በቻይና ነው። ለዘለዓለም ከማኅበሩ የሚያስወጡ ጥፋቶች አራት ናቸው፦ ዝሙት፣ ስርቆት፣ ሰው መግደል፣ አራተኛውም ያልደረሰበትን መንፈሳዊ ማዕረግ ደርሼበታለሁ ማለት። የሐሰት ባሕታዊ ከነፍሰ ገዳይ ጋር እኩል ተቀምጧል ማለት ነው፤ የኛም አገር ቢዋሰው አይጠላም።

አሁን ወደ ስርጭቱ። የመጀመሪያው ትልቅ ግፊት የንጉሥ ነበር። የማውርያው አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ህንድን ከሞላ ጎደል ሲገዛ ካሊንጋን ወጋ። በድንጋይ ያስቀረጸው ዐዋጅ 100,000 ሰው እንደተገደለና 150,000 እንደተጋዘ ራሱ ይናገራል፤ ንጉሥ በድሉ ተጸጸትኩ ብሎ ድንጋይ ማስቀረጹ በዚያ ዘመን ብርቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሉምቢኒን ሄዶ ተሳልሞ የመንደሯን ግብር ወደ ስምንተኛ እጅ አወረደ፤ ይህን የሚናገረው ዓምድ ዛሬም ቆሟል። በ13ኛው ዐዋጅ ደግሞ መልእክቱ ደርሷል ከሚላቸው ነገሥታት አንዱ የግብጹ ጰጥሎሜዎስ ነው፤ ያው የጦር ዝሆን ለማደን ሰዎቹን ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይልክ የነበረው። የግሪክ ጸሐፊዎች ግን ስለ አሾካ መልእክተኞች አንዲት ቃል አላስቀሩም፤ በዚያ በኩል ዘሩ አልበቀለም። በደቡብ በኩል በቀለ። የአሾካ ልጅ ማሂንዳ ስሪላንካ እንደገባ፣ እኅቱ ሳንጋሚታም የቦድ ጋያውን ዛፍ ቅርንጫፍ ወስዳ አኑራዳፑራ ላይ እንደተከለች የደሴቲቱ ዜና መዋዕል ይተርካል። በቃል ሲወርድ የቆየው ትምህርት በፓሊ ቋንቋ መጀመሪያ የተጻፈውም እዚያው ስሪላንካ ነው፤ ረሃብና ጦርነት በቃል የያዙትን መነኮሳት እንዳይፈጃቸው ስለተፈራ።

ከነገሥታቱ ይልቅ የረዳው ግን ነጋዴ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። የብራህማን (የሂንዱ ካህናት) ሥርዓት ባሕር መሻገርን እንደ ርኵሰት ሲቆጥር፣ ቡድሂዝም የዘር ንጽሕና አይጠይቅም። ገዳማቱ በንግድ መንገድ ዳር፣ በተራራ መተላለፊያ አፍ ላይ ተሠሩ፤ ለተጓዥ ማደሪያ ሆኑ፤ ነጋዴውም ዋሻ እያስፈለፈለ ስጦታ ሰጠ። በዚህ መንገድ ቀይ ባሕርም አልቀረም። በግብጽ ዳርቻ በምትገኘው በጥንታዊቱ የበረኒቄ ወደብ፣ በሮማውያን ዘመን ከእብነ በረድ የተሠራ 71 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የቡድሃ ሐውልት መገኘቱ በ2023 ተነግሯል። በኛው አገር ደግሞ በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ኩሻኖች ቡድሂዝምን ወደ መካከለኛው እስያ ያሻገሩ ናቸው፤ ከመካከላቸው ካኒሽካ ቡድሃን ከነስሙ በሳንቲም ላይ አስቀርጿል። እዚህ ላይ ግን መዝለል አያሻም። የደብረ ዳሞው ወርቅ የአዶሊስና የህንድ ንግድ ምስክር ነው፤ በአክሱም ቡድሂስት ነበረ ለማለት አያበቃም። በማኅበራዊ ሚዲያ እንደዚያ የሚያስወሩ አሉና።

ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ እዚህ በሩጫ ይታለፍ። ከፓርትያ የመጣው አን ሺጋው በ148 ሉዎያንግ ገብቶ መተርጎም ጀመረ፤ ኩማራጂቫ በ401 ቻንግአን ገብቶ የትርጉሙን ደረጃ ከፍ አደረገ፤ ሹዋንዛንግ ህንድ ሄዶ በ645 ሲመለስ 657 ጽሑፎች ጭኖ መጣ። ኮርያ በ372፣ ጃፓን በ6ኛው፣ ቲቤት በ7ኛውና በ8ኛው ክፍለ ዘመን ተቀበሉ። በዓለም ላይ ቀኑ ተጽፎበት የተገኘ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ በ868 ቻይና ውስጥ የታተመ የቡድሂስት ጽሑፍ መሆኑም አይዘለልም።

በምዕራብ በኩል የሄደው ታሪኩ ብቻ ነበር። በመካከለኛው እስያ ማኒ የተባለው የፋርስ የሃይማኖት መሥራች ተከታዮች ያዙት፤ በፋርስ በኩል አልፎ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በባግዳድ ዐረብኛ ሆነ። የልዑሉ ማዕረግ «ቦዲሳትቫ» (ቡድሃ ለመሆን የሚጓዝ) በዐረብኛ ቡዳሳፍ ተብሎ ተጻፈ፤ ገልባጭ ከፊደሉ ሥር አንዲት ነጥብ ሲጨምር ዩዳሳፍ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ዮዳሳፍ፣ ዮአሳፍ እያለ እኛ ዘንድ ይዋስፍ ሆኖ ገባ። ክርስቲያን ያደረጉት በ9ኛው ወይም በ10ኛው ክፍለ ዘመን የጆርጂያ መነኮሳት ናቸው። ከጆርጂያኛ ወደ ግሪክ የመለሰው የአቶስ ተራራው መነኩሴ ኤውቲሚዎስ ነው፤ በ1028 ዐረፈ። ዮሐንስ ዘደማስቆ ጻፈው የሚለው የቆየ አስተያየት ዛሬ የሚጸና አይደለም። ከግሪኩ በ1048 ወደ ላቲን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ክርስቲያን ዐረብኛ ተመለሰ፤ አባ እንባቆም ያገኙት ይህንኛውን ዐረብኛ ነው።

በየፌርማታው ምን ተጣለ? ዳግም መወለድ ወጣ፤ በቦታው ጥምቀትና ትንሣኤ ገባ። በቡድሃ ታሪክ ልዑሉ መምህር ሳይኖረው በራሱ ይነቃል፤ እዚህ ግን በረላም የሚባል መምህር ተጨመረ፤ መምህሩ የገባው ታሪኩ ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት፣ ገና በዐረብኛው ነው። ግሪኩ አዘጋጅ ደግሞ በ2ኛው ክፍለ ዘመን አርስጢደስ የተባለ ፈላስፋ ለክርስትና የጻፈውን መከላከያ ልብ ወለዱ ውስጥ በክርክር መልክ ሰካው፤ ጽሑፉ ጠፋ ተብሎ ሲለቀስለት ኖሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሱርስት ቅጂው በሲና ሲገኝ፣ ግሪኩ ለዘጠኝ መቶ ዓመት እዚሁ ውስጥ ተሸሽጎ እንደነበረ ታወቀ።

ሳይለወጥ ያለፈው ምሳሌው ነው። አንድ ሰው ከአውሬ (በህንድ ዝሆን፣ በግሪኩ አንድ ቀንድ ያለው እንስሳ) ሲሸሽ ገደል ውስጥ ይወድቅና ቍጥቋጦ ጨብጦ ይንጠለጠላል። ሥሩን ነጭና ጥቁር አይጥ ተራ በተራ ይበሉታል፤ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ እግሩን ያሳረፈበት ግድግዳ አራት እባብ አውጥቷል። ሰውየው ቀና ሲል ከቅርንጫፉ የማር ጠብታ ያያል፤ ያን እየላሰ ሁሉን ይረሳል። አውሬው ሞት፣ አይጦቹ ቀንና ሌሊት፣ አራቱ እባቦች ሥጋ የተሠራበት አራቱ ባሕርያት፣ ማሩ የዓለም ጣዕም ነው። ይህን ምሳሌ በህንድ ሂንዱውም፣ ጃይን የሚባለው የሌላው የህንድ ሃይማኖት ተከታይም ይተርከዋል፤ በአገራችንም አራቱ ባሕርያተ ሥጋ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት እየተባሉ ስለሚማሩ ማብራሪያ አላስፈለገውም። የማንኛውንም ሃይማኖት ቀኖና የማይነካ ነገር በየኬላው ሳይፈተሽ ያልፋል።

ሸዋ ለምን ተቀበለው ቢባል፣ መሬቱ የታረሰ ነበር። ዐፄ ካሌብ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው መነኑ ይባላል፤ የገብረ ክርስቶስ ገድል በሠርጉ ሌሊት የንጉሥ ቤት ጥሎ የወጣ ሙሽራ ታሪክ ነው፤ ቡልጋ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው የመሠረቱት ገዳም የምናኔ ቤት ነው። አባ እንባቆምም ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ሰው ነበሩ፤ ከየመን የመጡ ነጋዴ፣ ቁርኣንን የሚያውቁ፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና የተመለሱና በ1540 ለግራኝ አሕመድ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን ክርክር የጻፉ። ደብረ ሊባኖስ በ1530ዎቹ መጀመሪያ በግራኝ ሠራዊት ተቃጥሏል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ገዳሙ ተበትኖ ብዙ ሰው በግድ ሃይማኖቱን ከለወጠ በኋላ፣ በንጉሥ አባቱ ፊት በእምነቱ ስለጸና ልዑል የሚናገር መጽሐፍ መምረጣቸው በዘፈቀደ አይመስለኝም።

አሁንም አሁንም የሚሰማ ስሕተት አለ፦ «ቤተ ክርስቲያን ሳታውቅ ቡድሃን ቅዱስ አድርጋ አከበረች»። ርእስ ለማሞቅ ጥሩ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በሮም የሰማዕታት መዝገብ በረላምና ይዋስፍ ኅዳር መጨረሻ፣ በግሪኮች ዘንድ ይዋስፍ ነሐሴ ላይ (ሁለቱም በኤውሮጳ ወር) ተዘግበው ቆይተዋል። የተዘከረው ግን የተጠመቀ ልዑል ነው፤ አንድም የቡድሃ ትምህርት ከሱ ጋር አልገባም። ሁለቱ ታሪኮች አንድ መሆናቸው በምሁራን ዘንድ የጸናው በ1859 እና በ1860 ነው። ከዚያ ሁሉ ይልቅ የሚያስቀው፣ በ1591 የኢየሱሳውያን ማተሚያ ይህንኑ ታሪክ በጃፓንኛ ማሳተሙ ነው፤ የቡድሃ ሕይወት ቡድሂስቶችን ክርስቲያን ለማድረግ ተመልሶ ሄደ።

በተወለደበት በህንድ ቡድሂዝም የከሰመው ቀስ በቀስ ነው። ገዳማቱ በነገሥታት ስጦታ የሚኖሩ ስለነበሩ ስጦታው ሲቋረጥ ሥር አልነበራቸውም፤ ምእመኑ ቀስ ብሎ ከሂንዱው ጋር ተቀላቀለ፤ በ1200 ገደማ ናላንዳ የተባለው ታላቅ የትምህርት ገዳም ሲጠፋ አበቃ። የተመለሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው፣ ራሱ «የማይነካ» ከሚባለው ወገን የተወለደው አምቤድካር ጥቅምት 14 ቀን 1956 (በኤውሮጳ ወር) ናግፑር ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቹ ጋር ቡድሂስት ሆነ፤ የዘር ማዕረግን የሚክድ ሃይማኖት ፈልጎ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ሞተ። በ2011 ቆጠራ በህንድ 8.4 ሚሊዮን ቡድሂስት ተመዝግቧል፤ አብዛኛው የዚህ ፍሬ ነው።

በዓለም ደረጃ የፒው የምርምር ማዕከል በ2020 ቡድሂስቱን 324 ሚሊዮን ገደማ ይለዋል፤ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ያነሰ። በምሥራቅ እስያ ሕዝቡ እያረጀ፣ ወላዱ እያነሰ፣ ወጣቱም ሃይማኖት የለኝም እያለ ነው። የሰላም ሃይማኖት ነው የሚለው ዝናም ከእውነቱ ጋር ይመዘን፤ በ2017 ከበርማ ከ700,000 በላይ ሮሂንጋ የሚባል እስላም ሕዝብ ወደ ባንግላዴሽ ሲሰደድ ጥላቻውን ካራገቡት መካከል መነኮሳት ነበሩ።

በሌላ በኩል ከስምንቱ ክፍል ሰባተኛው፣ ንቃት የሚባለው፣ ተነጥሎ ሐኪም ቤት ገብቷል። በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሥልጠና ስምንት ሳምንት ይወስዳል፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በመሃል አንድ ሙሉ ቀን፣ በቤት ደግሞ በየቀኑ 45 ደቂቃ። መሠረታዊው ልምምድ ቀላል ነው፤ ጀርባን አቅንቶ መቀመጥ (ደብረ ብርሃን ከሆነ ጋቢ ደርቦ)፣ እስትንፋስ በአፍንጫ ሲገባና ሲወጣ መከታተል፣ ከአንድ እስከ አሥር መቍጠር፣ ሐሳብ ሲሸሽ ሳይቆጡ ወደ አንድ መመለስ። ለጀማሪ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። ሰው እስትንፋሱን ማየት ትቶ መምራት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ደረቱ ይጨነቃል፣ ራሱ ይዞራል። ወይም ከምሳ በኋላ ይቀመጥና ያንቀላፋል። ወይም ጭንቅላቱ ባዶ እንዲሆን ይጠብቅና ሲያቅተው ይተወዋል፤ ልምምዱ ግን መመለሱ ነው። ከባድ ጉዳት ያለፈበት ሰው ብቻውን ሲቀመጥ ትዝታው ሊብስበት ስለሚችል ከባለሙያ ጋር ቢሆን ይሻላል።

ለዕቃ ባንኮክ የሚመላለስ ነጋዴ ቤተ መቅደስ ቢገባ ጫማ ማውለቁን ከቤቱ ያውቀዋል። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ሲቀመጡ እግር ወደ ሐውልቱ አይዘርጋ፤ ታጥፎ ወደ ኋላ ይሁን። የልጅም ቢሆን የሰው ራስ አይነካ። ሴት ከሆነች መነኩሴውን በእጇ አትንካ፣ ዕቃም በእጁ አትስጠው፤ ጨርቅ ወይም ሳህን ላይ ታኑርለት። ምግብ መስጠት የፈለገ ጠዋት ይስጥ። ሆዱ የተነፋውና የሚስቀው ሐውልት ቡዳይ የሚባል የቻይና መነኩሴ እንጂ ጋውታማ አይደለም። ከታይላንድ የቡድሃ ምስል ይዞ ለመውጣት ደግሞ ከአገሩ የኪነ ጥበብ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሻጩ ይህን ላይናገር ይችላልና ከመክፈል በፊት ይጠየቅ።